ማድቤት ለማደስ ወጪውን አስቀድሞ መጻፍ

ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው። ክረምቱ ይረዝማል፤ ዝናሙም ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣራው ነው። እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ መኖሪያ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሰዋል። ማድቤቱ ግን እንደ ጥንቱ ይቀራል። ሣሩ ያፈሳል፤ ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል፤ በውስጡ ያለችው ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትጋግራለች።

ማድቤት ቤተሰቡ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠቀምበት ቤት ነው። እንጀራው ከዚያ ይወጣል፤ ወጡ ከዚያ ይወጣል። ሕፃናቱም ከእናታቸው ጀርባ ሆነው ጭሱን አብረው ይስባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ በሚመጣ በሽታ ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ ማድቤት ማደስ ለጌጥ ተብሎ የሚወጣ ወጪ አይደለም።

ይሁን እንጂ ወጪ ወጪ ነው። ብዙ ሰው ማድቤት ማደስ ይጀምርና ከመንገድ ይቀራል። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮው ሳይገዛ ዝናም ይመጣል። ወይም ቆርቆሮው ተገዝቶ የአናጢው ያጥራል። ይህ የሚሆነው ገበሬው ገንዘብ ስላጣ ብቻ አይደለም። ወጪውን ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ላይ ስላላየው ነው። ፊደል ያወቀ ሰው ለዚህ መላ አለው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቁጭ ይላል። በጀት ማለት ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ከመቀነት ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ማውጣት ማለት ነው።

ታዲያ ከምን እንጀምር? ብዙ ሰው ከቆርቆሮ ዋጋ ይጀምራል። እኛ የምንመክረው ግን ከቆመው ቤት መጀመርን ነው። ከመግዛት በፊት ያለውን መመርመር ያስፈልጋል። የማድቤቱን ቋሚዎች አንድ በአንድ ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጓቸው። ደህና እንጨት ድምፁ ጠንከር ይላል። ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰው ድፍን ብሎ ይሰማል፤ አንዳንዴም ይሰረጉዳል። ስንቱ ቋሚ ደህና እንደ ሆነ፣ ስንቱ መለወጥ እንዳለበት ጻፉ። በበሰበሰ ቋሚ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ገንዘብን ንፋስ እንዲወስደው መስጠት ነው። ወራጁንም እንዲሁ እዩት። ሣር የተሸከመ ወራጅ ጠማማ ሊሆን ይችላል፤ ለሣር ችግር የለውም። ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል።

በዚሁ ጊዜ የቤቱ እመቤት ትጠየቅ። ማድቤቱ የእርሷ የሥራ ቦታ ነው። አባወራው ቆርቆሮ ሲያስብ እርሷ ሌላ ታስብ ይሆናል። «አንቺ፣ ከሁሉ በፊት ምን ይሁን ትያለሽ?» ቢላት «ጭሱ ይውጣልኝ፤ ምጣዱ ከመሬት ከፍ ይበልልኝ፤ እንስራ ማስቀመጫ ይኑረኝ» ልትለው ትችላለች። ከነዚህ ሁለቱ ብዙ ገንዘብ አይፈጁም። እርሷ ሳትጠየቅ የተጻፈ በጀት ግማሽ በጀት ነው።

ቀጥሎ መለካት ይመጣል። ሜትር ከሌለ በክንድ ይለካል፤ ነገር ግን ለሱቅ ሲቀርብ በሜትር ቢሆን ይሻላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማድቤቱ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው እንበል። ጣራው ወደ ሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ ነው። ከጣራው አናት ጀምሮ ከግድግዳው ውጭ እስከሚወጣው ጠርዝ ድረስ በገመድ ስንለካ 2 ሜትር ሆነ። የአንድ ቅጠል ቆርቆሮ ቁመትም 2 ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ወገን አንድ ቅጠል በቁመት ይበቃል ማለት ነው። ርዝመቱ ደግሞ ዝናም እንዳይመታ በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፤ 4 ሜትር ከ60 ይሆናል። ቆርቆሮ ሲመታ ጎን ለጎን ይደራረባል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጠል ወርዱን በሙሉ አይሸፍንም። ተደራርቦ የሚሸፍነው 75 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 4 ሜትር ከ60ን ለ75 ሳንቲ ሜትር ስናካፍለው ከ6 ትንሽ ይበልጣል። ግማሽ ቅጠል የሚሸጥ የለምና 7 ቅጠል እንላለን። ለሁለቱ ወገን 14 ቅጠል ይሆናል።

ባለ ሱቁ «ስንት ጌጅ ልስጥህ?» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጌጅ ቁጥር ሲበልጥ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ከባለ 32 የሳሳ ነው፤ ባለ 28 ደግሞ ከሁለቱም ይወፍራል። የሳሳው ርካሽ ነው። የማድቤት ጭስና እርጥበት ግን ቆርቆሮን ቶሎ ይበላል። ዋጋ ስትጠይቁ የጌጁንም ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ያለዚያ የአንዱን ሱቅ ዋጋ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወረቀቱን በሁለት እንከፍለዋለን። በአንድ ወገን ከቤታችን ያለውን እንጽፋለን፤ በሌላው ወገን በገንዘብ የሚገዛውን። በአዊ አገር ከቤት የሚገኘው ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ በየጓሮው አለ፤ ለቋሚና ለወራጅ ይሆናል። ቀርቀሃ ለማገር ይሆናል። አፈሩ፣ ውኃው፣ ጭዱ አለ። የሰው ጉልበት በደቦ ወይም በወንፈል ይገኛል።

ደቦ ግን ነጻ አይደለም። ይህን ሳይጽፉ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ሃያ ሰው ለጭቃ ሲጠራ ጠላ ይጠመቃል፤ ብቅልና ጌሾ ይገባል። እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል፤ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ አለ። አንዳንዱ ቤት አረቄም ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሲደመር የአናጢውን ዋጋ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ወንፈል ከሆነ ደግሞ የሥራ ብድር ነው። የሰጣችሁትን ቀን ያህል በሌላው ማሳ ትመልሳላችሁ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ወንፈል፣ 5 ቀን ዕዳ» ብሎ መጻፍ ይገባል። ብር ባይሆንም ዕዳ ነው።

ወረቀቱን እንሙላው። ዋጋው ለመቁጠር እንዲመች የወሰድነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንባቢ የጥሊሊን ወይም የእንጅባራን ዋጋ ጠይቆ በቦታው ይተካ።

ቆርቆሮ 14 ቅጠል፣ አንዱ በ1,000 ብር … 14,000 ብር
የጣራ አናት መክደኛ (ኮልሞ) 3፣ አንዱ በ500 ብር … 1,500 ብር
ሚስማር 6 ኪሎ፣ ኪሎው በ250 ብር … 1,500 ብር
በርና መስኮት ከነማሠሪያው … 3,000 ብር
የእንጀራ ምድጃ … 1,500 ብር
አናጢ ለጣራው … 6,000 ብር
የጋሪ … 500 ብር
የደቦ ድግስ … 4,000 ብር
ድምር … 32,000 ብር

በዚህ ላይ ከአሥር አንድ ለመጠባበቂያ ይጨመራል። ሚስማር ያንሳል፤ እንጨት ይሰበራል፤ አናጢው በቀጠሮው ቀን አይመጣም። 3,200 ብር ስንጨምር 35,200 ብር ይሆናል።

አሁን ደግሞ ገቢውን እንይ። ቤተሰቡ ከድንች 24,000፣ ከእቁብ 10,000፣ ከሁለት በግ 12,000 ብር ያገኛል እንበል። ድምሩ 46,000 ብር ነው። ከ35,200 ይበልጣል። «እንግዲህ ይበቃል፤ ቆርቆሮውን እንግዛ» የሚል አለ። ቆይ! ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የማይነካ አለ። የማዳበሪያና የዘር ገንዘብ አይነካም። የልጆች ደብተርና ልብስ አይነካም። የእድርና የድንገተኛ ሕመም ገንዘብ አይነካም። ለማዳበሪያና ለዘር 14,000፣ ለልጆች 4,000፣ ለእድርና ለሕመም 3,000 ብንል 21,000 ብር ይሆናል። ከ46,000 ሲቀነስ 25,000 ብር ይቀራል። ለማድቤቱ ያለን ገንዘብ ይህ ነው። 10,200 ብር ይጎድለናል።

በጥሊሊና በአካባቢው ጉድለቱን በዲከረንስ እሞላለሁ የሚል ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ይህ ዛፍ ለአዊ ገበሬ ብዙ ሠርቶለታል። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ከሰሉ ይሸጣል፤ ከተነሣ በኋላ መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚጎዳ በሽታ በአዊ ዞን ገብቷል። ዛሬ ለምለም የሆነ ደን ለመጪው ዓመት ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ያልተቆረጠ ዲከረንስን እንደ ገንዘብ ቆጥሮ በጀት ውስጥ ማስገባት አይገባም። የተሸጠውና ብሩ የተቆጠረው ብቻ ይጻፍ።

ሌላው መንገድ ብድር ነው። ብድር ሁሉ ክፉ አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል። ከሌላ ቦታም በሕግ የሚያበድር አለ። ጠይቁ፤ ወለዱንና የመክፈያውን ጊዜ አስጽፉ፤ መክፈያው ከምርት መሰብሰቢያ በኋላ መሆኑን እዩ። አራጣ ግን ሌላ ነገር ነው። በ100 ብር በወር 10 ብር የሚያስከፍል ሰው ዘንድ ሄዳችሁ 10,000 ብር ብትወስዱ፣ በወር 1,000 ብር ትከፍላላችሁ። በዓመት 12,000 ብር ነው። ከተበደራችሁት በለጠ። የተበደራችሁት 10,000 ብር ግን ገና አልተነካም። ለዚህ ከመዳረግ ማድቤቱ አንድ ክረምት ሣር ለብሶ ቢቆይ ይሻላል።

እንግዲህ ከወጪው ይቀነስ። ምኑ ይቀነስ? አባወራው ወረቀቱን አየ አየና «ምድጃው ይቅር» ይላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉና! ለወጡ ጣዕም ነገሩ እውነት ይሆናል። ለማገዶና ለጭስ ግን እውነት አይደለም። እኛ እንዲያውም ከዚህ ወረቀት ላይ መጨረሻ መሰረዝ ያለበት ምድጃው ነው እንላለን። ምክንያቱን እናስረዳ።

ሣር ያፈሳል፤ ይሁን እንጂ ጭስን ያሳልፋል። ጠዋት ጠዋት ከሣር ማድቤት ጣራ ላይ ጭስ በየሣሩ መካከል ሲወጣ አይታችኋል። ቆርቆሮ ግን አያሳልፍም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደውን ያንኑ እሳት ይዛችሁ ጣራውን ብቻ በቆርቆሮ ብትለውጡ፣ ጭሱ የሚወጣበት ያጣና ወደ ታች ይመለሳል። ገንዘቡ ወጥቶ ማድቤቱ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። አብዛኛውን ብር የሚበላው ቆርቆሮ ብቻውን ዓይንንም ሳንባንም አያድንም ማለት ነው።

ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ነው። ከሲሚንቶ ተደባልቆ በቅርጽ የሚሠራ ሲሆን ስድስት ክፍል አለው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይይዛሉ። ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ያስቀምጣሉ፤ በምጣዱ ሥር ያለፈው እሳት ወጥቶ ድስቱን ያሞቃል። እሳቱ ስለታጠረ ሙቀቱ አይባክንም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የእንጀራ መጋገሪያውን ማገዶ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ይህን በብር እንየው። በሦስት ጉልቻ ለእንጀራ በሳምንት ሁለት ሸክም እንጨት የሚፈጅ ቤት፣ በዚህ ምድጃ አንድ ሸክም ይበቃዋል እንበል። አንዱ ሸክም 100 ብር ቢያወጣ በ15 ሳምንት 1,500 ብር ይተርፋል። አራት ወር ሳይሞላ ምድጃው ዋጋውን መለሰ። እንጨቱን ራሷ የምትለቅም ሴት ደግሞ በብር ፈንታ የመንገድ ሰዓት ታተርፋለች። ሰዓቱ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ሊጻፍ ይገባው ነበር።

የጭስ መውጫውም ብዙ ብር አይጠይቅም። ግድግዳው ሲመረግ ከጣራው ጋር ሳይገጥም በሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተው። የጣራው ጠርዝ ወደ ውጭ ስለወጣ ዝናም አያስገባም። መስኮቱ ከበሩ ትይዩ ይሁን፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ምድጃው በድንጋይና በጭቃ መደብ ላይ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ወገብ ያርፋል፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃንም እሳት ላይ አይወድቅም።

ስለዚህ ሥራውን በሁለት ዙር እንክፈለው። በመጀመሪያው ዙር የበሰበሱት ቋሚዎች ከጓሮ ባሕር ዛፍ ይለወጣሉ። ጭቃው ከነጭዱ ተረግጦ ሰንበት ብሎ ሲቦካ ግድግዳው ይመረጋል። ምድጃው ይገዛል፤ በርና መስኮቱ ይሠራል። የሚያፈሰው ሣር ለአንድ ክረምት ይጠገናል። ወጪው ምድጃ 1,500፣ በርና መስኮት 3,000፣ ደቦ 4,000፣ በድምሩ 8,500 ብር ነው፤ ከመጠባበቂያው ጋር 9,350 ብር። ከ25,000 ሲቀነስ 15,650 ብር ይተርፋል።

በተረፈው ምን ይደረግ? ዕቃ ይገዛበት እንላለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። ለቆርቆሮ የሚሆነው ብረት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ዘንድሮ በወረቀት የተጻፈው ዋጋ ለመጪው ዓመት ላይሠራ ይችላል። እንግዲህ 14ቱን ቅጠል በ14,000፣ ጋሪውን በ500 ብር ብንገዛ 1,150 ብር በእጅ ይቀራል። ለሁለተኛው ዙር የሚያስፈልገው ኮልሞ፣ ሚስማርና አናጢ 9,000 ብር፣ ከመጠባበቂያው ጋር 9,900 ብር ነው። በእጅ ያለው ሲቀነስ 8,750 ብር ይጎድላል። ይህ በመጪው ዓመት ድንች የሚደረስበት ገንዘብ ነው፤ አራጣ አያስኬድም።

ቆርቆሮውን ስታስቀምጡ ግን ተጠንቀቁ። እርስ በርሱ ተነባብሮ እርጥበት በመካከሉ ከገባ ነጭ ዝገት ያወጣል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ፣ በደረቅ ቦታ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት አግብታችሁ፣ ትንሽ አዘንብላችሁ አስቀምጡት። በማድቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

የጣራው ቀን ሲደርስ ከአናጢው ጋር የምትነጋገሩት በዚሁ ወረቀት ነው። ስንት ቅጠል እንደሚመታ፣ ወራጁን ማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን እንደሚጨርስ፣ የጭስ መውጫው እንደማይደፈን ይጻፍበት። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ 2,000 ብር ወራጁ ሲቆም፣ 2,000 ብር ቆርቆሮው ሲመታ፣ 2,000 ብር ኮልሞው ሲከደን። የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት በማድቤቱ ውስጥ እሳት ይነደድ። እመቤቲቱ ገብታ ጭሱ በየት በየት እንደሚወጣ ትይ። ደህና ነው ካለች፣ በዋጋው ትይዩ በተተወው ባዶ ቦታ እውነተኛው ወጪ ይጻፍና አናጢውም አባወራውም እመቤቲቱም ይፈርሙበታል።